ግራንድ ማርሻል ምንድን ነው? ማዕረጉ የሚለካውና የማይለካው

ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በተባለው የኢንተርኔት ጨዋታ ግራንድ ማርሻል የሚባለውን ከፍተኛ ማዕረግ ያገኘ ተጫዋች በሰርቨሩ (እሱ በሚጫወትበት የጨዋታው ዓለም) ላይ የሚያሸንፈው የለም የሚል አነጋገር አዳማ ጌም ቤቶች ውስጥ ከድሮ ጀምሮ አለ። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ተንታኝ ሁለት ተጫዋቾችን በማዕረጋቸው ብቻ፣ ሁለት ጊልዶችን (የተጫዋቾች ማኅበራትን) ደግሞ በአማካይ ራንካቸው ሲያበላልጥ ሰማሁትና ዝም ማለት አልቻልኩም። ማዕረጉ እንዲህ ያለ ነገር አይነግረንም።

የማወራው ስለ ጨዋታው የድሮ የክብር ሥርዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ገብቶ በ2006 መጨረሻ ተነሳ፤ በ2019 በክላሲክ (የድሮው ጨዋታ እንደገና በወጣበት እትም) ተመለሰ። የጨዋታው ሁለት ተቃራኒ ጎራዎች፣ አላያንስና ሆርድ፣ እያንዳንዳቸው 14 እርከን (ራንክ) አላቸው። አላያንስ ከፕራይቬት ተነስቶ ግራንድ ማርሻል ላይ ያበቃል፣ ሆርድ ከስካውት ተነስቶ ሃይ ዋርሎርድ ላይ። ሁለቱ እኩል ናቸው፤ የትኛው ይበልጣል የሚለው ክርክር ጊዜ ማባከን ነው።

ሰው የሚስተው ይህን ነው፦ በዚያ ሥርዓት ጦር ሜዳ ላይ የምትገድለው ጠላትን ነው፤ ለማዕረግ የምትፎካከረው ግን ከገዛ ወገንህ ጋር ነው። በሳምንቱ የሰበሰብከው ክብር (ጦር ሜዳ ላይ የሚገኘው ነጥብ) ብቻውን ማዕረግ አይሆንም። ሳምንቱ ሲዘጋ (በአውሮፓ ሰርቨሮች ረቡዕ ነው) በዚያው ሰርቨር ያሉ፣ ያንተው ጎራ የሆኑና ዝቅተኛውን የግድያ ቁጥር ያሟሉ ሁሉ በሰበሰቡት ክብር መጠን ይሰለፋሉ። ከፊት ያሉት 0.3 በመቶዎቹ ከፍተኛው ምድብ ውስጥ ይገባሉ። ሰልፈኛው 1000 ከሆነ 3 ሰዎች ማለት ነው። ለራንክ የሚቆጠርልህን ነጥብ የሚወስነው በሰልፉ ውስጥ ያለህ ቦታ ነው።

የትምህርት ቤት ካርድን አስቡ። 8ኛ «ሀ» ውስጥ በ79 አማካይ 1ኛ የወጣ ልጅ አለ፤ 8ኛ «ለ» ውስጥ በ88 አማካይ 6ኛ የወጣች ልጅ አለች። ካርዱ ላይ ደረጃውን ብቻ ያየ ዘመድ የሚሸልመው ልጁን ነው። ከ«ሀ» ክፍል ሦስቱ ጎበዞች ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ቢዛወሩ ደግሞ 4ኛው ልጅ አንድ ገጽ ሳይጨምር 1ኛ ይሆናል። በጨዋታውም ከላይ ያሉት አንድ ሳምንት ካረፉ ከኋላ ያለው ምንም ሳያሻሽል ወደፊት ይጠጋል። አሁን ስማቸው ተመዝግቦ ትምህርት የማይከታተሉ ልጆች ክፍሉን ሞሉት እንበል። ክፍል ውስጥ 1ኛ የሚወጣው ያው አንድ ሰው ነው። ጨዋታው ውስጥ ግን መቶኛው ቋሚ ስለሆነ ሰልፉ በረዘመ ቁጥር ከላይ የሚከፈተው ቦታም ይጨምራል። ተጫዋቾች ይህን አውቀው ተጨማሪ ካራክተር እየፈጠሩ፣ ዝቅተኛውን ግድያ ብቻ አስሞልተው ይተዉት ነበር። በየሰርቨሩም የአንድ ጎራ ሰዎች ተስማምተው ተራ ይይዙ ነበር፤ የዚህ ሳምንት አንደኛ ማን እንደሚሆን አስቀድሞ ይታወቃል፣ ከተመደበለት በላይ ክብር የሰበሰበም ይኮነናል። ይህን የምታውቅ ከሆነ፣ ወንድሜ፣ እንዴት ማዕረግን የችሎታ ማስረጃ ታደርገዋለህ?

ሁለተኛው ነገር ቅናሹ ነው። ከያዝከው የራንክ ነጥብ በየሳምንቱ 20 በመቶው ይቀነሳል። 14ኛው እርከን 60,000 ነጥብ ይፈልጋል፤ በአንድ ሳምንት የሚገኘው ትልቁ ነጥብ 13,000 ነው። 65,000 ላይ ስትደርስ የሚቀነሰው ራሱ 13,000 ስለሆነ ከዚያ በላይ መሄድ አይቻልም። በዚህ ስሌት ከዜሮ የተነሳ ሰው ሳያቋርጥ ከሰልፉ ፊት እየሆነ እንኳ ሦስት ወር ገደማ ይፈጅበታል። ለዚህ ነው ብዙዎች አካውንታቸውን ተጋርተው፣ አንዱ ሲተኛ ሌላው እየተጫወተ ማዕረጉን ያወጡት። አዳማ ላይ መብራት ግማሽ ቀን የጠፋበት ልጅ ችሎታው አልቀነሰም፤ ሰልፉ ውስጥ ግን ወደኋላ ይቀራል።

ችሎታ ምንም አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። ጦር ሜዳን ቶሎ ቶሎ የሚያሸንፍ ቡድን በሰዓት የሚሰበስበው ክብር ይበልጣል፤ ደካማ ቡድን ቀኑን ሙሉ ቢለፋም አይደርስበትም። ነገር ግን ችሎታና የተጫወቱበት ሰዓት አንድ ቁጥር ውስጥ ተደባልቀው ይገባሉ፣ ከማዕረጉ ተነስቶም ሁለቱን መለየት አይቻልም።

ስታቲስቲክስ ስለማስተምር ይህንንም ሳልናገር አላልፍም፦ ራንክ ቅደም ተከተል ብቻ ነው። ከ5 ወደ 6 ያለው ርቀትና ከ13 ወደ 14 ያለው ርቀት በልፋት አይገናኙም። ስለዚህ የሁለት ጊልዶችን አማካይ ራንክ አስልቶ ማወዳደር፣ ተንታኙ እንዳደረገው፣ ትርጉም የለውም። የግድ ማወዳደር ከፈለገ በየእርከኑ ስንት ሰው እንዳለ ይቁጠር፤ ያም ቢሆን ሰርቨሩና ሳምንቱ አንድ ከሆኑ ብቻ ነው።

ማን ማንን ያሸንፋል ለሚለው ጥያቄ ይበልጥ የሚቀርበው መለኪያ በ2007 የመጣው የአሬና (ትንንሽ ቡድኖች የሚጋጠሙበት ውድድር) ሬቲንግ ነው። እዚያ ነጥብህ የሚጨምረው ተጋጣሚህን ስታሸንፍ ነው፤ ጠንካራውን ስታሸንፍ ብዙ ትጨምራለህ፣ ስትሸነፍ ትቀንሳለህ። የአሬናው የግላዲያተር ማዕረግ ግን በዋናው ጨዋታ እስከ 2018 ድረስ እዚያም የሚሰጠው በመቶኛ ተቆርጦ ነበር።

አንድ ነገር ይጨመር። በ2006 መጨረሻ ሥርዓቱ ሲነሳ ተጫዋቾች የደረሱበትን ከፍተኛ ማዕረግ ይዘው እንዲቀሩ ተደርጓል። ስለዚህ በ2010 አንድ ሰው ስሙ ላይ የያዘው ግራንድ ማርሻል የሚል ማዕረግ በዚያን ጊዜ ስለነበረው አቋም ምንም አይናገርም። የድሮው ጨዋታ በቀጠለባቸው የክላሲክ ኢራ ሰርቨሮች ላይ ደግሞ በ2023 ከወገን ጋር የነበረው ፉክክር ተነስቷል፤ ያኔ በ2020 የወጣው ግራንድ ማርሻልና ከለውጡ በኋላ የወጣው በስም እንጂ በአሠራር አንድ አይደሉም።