«ስሞኪንግ / ኖ ስሞኪንግ» ምንድን ነው?

ሁለት ፊልሞች ናቸው፣ ግን የሚቆጠሩት እንደ አንድ ሥራ ነው። ፈረንሳዊው ዳይሬክተር አለን ሬኔ እ.ኤ.አ. በ1993 የሠራቸው ሲሆን፣ መነሻቸው እንግሊዛዊው ጸሐፌ ተውኔት አለን ኤክቦርን «ኢንቲሜት ኤክስቼንጅስ» በሚል ርዕስ የጻፈው የመድረክ ኮሜዲ ነው። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ለእይታ በቁ። እያንዳንዳቸው ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃሉ፤ ክፍል አንድ፣ ክፍል ሁለት የሚባል ነገር ስለሌለ ከፈለጉት መጀመር ይቻላል።

ታሪኩ ዮርክሺር ውስጥ ባለች ሃተን በስል በምትባል መንደር ነው የሚካሄደው። ሲሊያ ቲስዴል የአንድ የግል ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሚስት ናት። ባሏ ቶቢ መጠጥ አብዝቷል፣ ትዳሩም አንገፍግፏታል። አንድ ቀን የቤት ሥራዋን አቋርጣ ወደ ጓሮ ስትወጣ ጠረጴዛ ላይ የሲጋራ ፓኮ ታያለች። በአንደኛው ፊልም አንድ መዝዛ ትለኩሳለች። በሌላኛው አምሮቷን ዋጥ አድርጋ ትተወዋለች።

ሁሉም ነገር የሚለያየው እዚህ ላይ ነው። ካጨሰች ጥቂት ስለምትቆይ አትክልተኛው ላይነል ሲመጣ ታገኘዋለች። ካላጨሰች ላይነል ሳያገኛት ያልፍና በኋላ የባሏ ወዳጅ ማይልስ ይመጣል። ከዚያ ታሪኩ ከአምስት ሰከንድ ወደ አምስት ቀን፣ ከአምስት ቀን ወደ አምስት ሳምንት፣ በመጨረሻም አምስት ዓመት ወደፊት ይዘላል። በየመንገዱ አንድ ሰው አንድ ነገር ይወስናል ወይም ይናገራል። ታሪኩ አንዱ ጫፍ ላይ ሲደርስ «ወይም» የሚል ጽሑፍ ይወጣና ወደ ውሳኔው ቅጽበት ይመልሰናል፤ ያው ሰው አሁን ሌላውን ይመርጣል። በዚህ አኳኋን ሁለቱ ፊልሞች በድምሩ አሥራ ሁለት መጨረሻ አላቸው።

ኤክቦርን «ኢንቲሜት ኤክስቼንጅስ»ን የጻፈው በስምንት ተውኔቶች ነው፣ መጨረሻቸውም አሥራ ስድስት ነበር። ለፈረንሳይ ፊልም ያዘጋጁት ዣን-ፒየር ባክሪና አኜስ ዣዊ ሁለቱን ተውኔቶች ትተው በስድስቱ ሠሩ። ለእኔ ግን ከቁጥሩ የሚበልጠው ለውጥ ሌላ ነው። ቴአትር ቤት የገባ ተመልካች በአንድ ምሽት የሚያየው አንዱን መንገድ ብቻ ነው፤ እሱኑ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ፊልሙ ላይ ግን መንገዶቹ አንዱ ከሌላው ቀጥሎ ይመጣሉ፣ ያየነው ሁሉ አይረሳንም። በአንዱ መንገድ ሲሊያ ከላይነል ጋር የምግብ ሥራ ትጀምራለች፤ ለትምህርት ቤቱ የስፖርት ቀን ድንኳን ውስጥ መስተንግዶ ስታሰናዳ ጭንቀቱ በዝቶባት መንፈሷ ይታወካል። በሌላው ከባሏ ጋር ለእረፍት ሆቴል ብትሄድ ላይነል አስተናጋጅ ሆኖ ተቀጥሮ ይጠብቃታል። አስተናጋጁን አይተን ስንስቅ ያቺ ድንኳን ውስጥ ያለችው ሴትም አብራን አለች። ሳቁ የሚከብደው ለዚህ ነው።

ሌላው የሚያስደንቀው ተዋንያኑ ሁለት ብቻ መሆናቸው ነው። ሳቢን አዜማ አምስት ሴቶችን፣ ፒየር አርዲቲ አራት ወንዶችን ይጫወታሉ። ስለዚህ በአንድ ትዕይንት ላይ ከሁለት ሰው በላይ ፊት ለፊት አይታይም፤ ሦስተኛው ካለ ከቤት ውስጥ ወይም ከአጥር ማዶ ነው። አዜማ ደክማ የተቀመጠችው ሲሊያ ሆና ትወጣና ትንሽ ቆይታ የቤት ሠራተኛዋ ሲልቪ ሆና ትመለሳለች። ዊጉና ልብሱ ያግዛሉ፤ ግን ሰውየዋን የሚለውጣት አረማመዷና ድምፅዋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ፊልሙ ሴዛር የሚባሉትን የፈረንሳይ የፊልም ሽልማቶች አምስቱን ሲወስድ (ምርጥ ፊልም፣ ዳይሬክተር፣ የፊልም ጽሑፍ፣ የመድረክ ግንባታና ለአርዲቲ ምርጥ ተዋናይ) አዜማ ሳትሸለም መቅረቷ እስካሁን አይዋጥልኝም።

ሬኔ ታሪኩን ወደ ፈረንሳይ አላመጣውም። ሰዎቹ ስማቸውም ኑሯቸውም እንግሊዛዊ ነው፣ የሚናገሩት ግን ፈረንሳይኛ። ትዕይንቶቹ ሁሉ ከቤት ውጭ ናቸው፤ ጓሮ፣ ድንኳን፣ የሆቴል በረንዳ፣ የቤተ ክርስቲያን ግቢ። ሆኖም እውነተኛ ሰማይ የለም፤ ሁሉንም ዣክ ሶልኒዬ ስቱዲዮ ውስጥ ነው የገነባው። በምዕራፎቹ መካከልም ሰዓሊው ፍሎክ የሣላቸው የመንደሯ ሥዕሎች ይገባሉ። አንዳንዱ ተመልካች «ይኼ የተቀረጸ ቴአትር እንጂ ፊልም አይደለም» ይላል። እኔ አልስማማም። ቦታው ሰው ሠራሽ መሆኑ በግልጽ ስለሚታይ ዓይናችን ሌላ የሚያይበት የለውም፤ ያለን የሁለት ሰዎች ፊት ነው። ያቺው ጓሮ ደጋግማ ስትመጣም ምን እንደ ተለወጠ ቶሎ እናያለን፣ ካሜራውም በእያንዳንዱ ዝምታ ላይ ለመቆየት ጊዜ አለው።

ሬኔ ከኤክቦርን ጋር በዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2006 «ኩር»ን፣ በ2014 ደግሞ «ኤሜ፣ ብዋር ኤ ሻንቴ»ን ከእሱው ተውኔቶች ሠራ። ሁለተኛው የመጨረሻ ፊልሙ ሆነ፤ በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር በ91 ዓመቱ ዐረፈ።

ለማየት ያሰበ ሰው ሁለቱን በአንድ ቀን ባያያቸው ይሻላል። እኔ ብሆን «ስሞኪንግ»ን አስቀድማለሁ፤ ላይነልን መጀመሪያ ያወቀው ሰው በ«ኖ ስሞኪንግ» ሳይገናኙ ሲተላለፉ ምን እንደ ቀረ ወዲያው ይገባዋል።