ሱባዔ በእንጦጦ

ሱባዔ ሰባት ከሚለው የግእዝ ቁጥር የመጣ ስም ነው፤ አንድ ሱባዔ 7 ቀን፣ ሁለት ሱባዔ 14 ቀን ይሆናል። ምእመናን ከቤት ጣጣና ከሥራ ተለይተው በጾም፣ በጸሎትና በስግደት ልባቸውን የሚያሳርፉበት፣ አበው ያቆዩልን ሥርዓት ነው። የግል፣ የማኅበርና የአዋጅ ተብሎ በሦስት ይከፈላል። ብዙ ሰው የሚገባው በፍልሰታ፣ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ነው።

ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ የሚወጣበት የእንጦጦ ጋራ ለአዲስ አበባ ሰው ዋነኛ የሱባዔና የጠበል ስፍራ ነው። ዐፄ ምኒልክ የዐፄ ዳዊት ከተማ ነበረበት በሚባለው በዚህ ጋራ ከተሙ፤ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የደፉትም በእንጦጦ ማርያም ነው። ኋላ ከተማው ቁልቁል ወደ ፍል ውሃ ሲወርድ አድባራቱ ከነጸጥታቸው በጋራው ላይ ቀሩ።

ሱባዔ የሚገባ ሰው አስቀድሞ ንስሐ አባቱን ያማክራል፤ የቀኑን ብዛት፣ የጾሙን ሰዓትና የስግደቱን ቁጥር የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ጸሎቱ በቀን 7 ጊዜ ነው፦ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት። መዝሙረ ዳዊት በየዕለቱ ተከፍሎ ይደገማል፤ የሰኞ ከ1 እስከ 30፣ የቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ነው። ማንበብ የማይችል መቁጠሪያውን ይዞ 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ይላል፤ ጣቱ ከቋጠሮ ቋጠሮ ሲያልፍ የሚባክን ሐሳብ እየተሰበሰበ ይመጣል። እሑድ አይሰገድም። ምግቡ በሶ፣ ቆሎ ወይም የራሰ ሽምብራ ከውሃ ጋር ነው፤ ያውም ከ9 ሰዓት በኋላ።

ሱባዔ ከሚበላሽባቸው ምክንያቶች አንዱ የተጣሉትን ሳይታረቁ መግባት ነው፤ ቂም የያዘ ልብ በጾም ብቻ አያርፍም። ሌላው ስልክ ነው። ከአቅም በላይ ጀምሮ በሦስተኛው ቀን መውደቅም አለ። ሕልምና ራእይ ያየ ለንስሐ አባቱ ይነግራል እንጂ ራሱ አይፈታም። ቦታው ከፍታ ስለሆነ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ጠበል የተጠመቀ ሰው ልብሱን ሳይቀይር ኪዳን የተባለውን የቤተ ክርስቲያን ጸሎት ቢቆም ደረቱን ይታመማል። ስለዚህ ደረቅ ነጠላና ጋቢ ለብቻ ተጠቅልሎ ይያዛል።

ጠበልና መድኃኒት አይጋጩም። በ1999 ዓ.ም. የወቅቱ ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትን ከጠበል ጋር መውሰድ እንደሚገባ በይፋ አስተምረዋል። የስኳር ሕመምተኛም ጾሙን ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር ተማክሮ ይወስናል።

ሱባዔው የሚፈጸመው ቅዳሴ በማስቀደስና፣ የተዘጋጀ ከሆነ፣ በመቁረብ ነው። ካህኑ «ሰላም ለኵልክሙ» ሲሉ ሕዝቡ «ምስለ መንፈስከ» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ሆድ የሚለምደው በአጥሚት ወይም በቀጭን ሾርባ ነው፤ ወጥና እንጀራ በማግስቱ ይደርሳል።