የመጀመሪያዋ መርፌ፦ የመርፌ ሱስን ከመነሻው መግታት፣ ከጎጃም አንጻር

ሱስ አስያዥ መድኃኒቶችን በመርፌ መውሰድ ሳይጀመር ማስቀረት ከጉዳት ቅነሳ ሥራዎች (ሱስ የሚያደርሰውን ጉዳት ለመቀነስ ከሚሠሩት) አንዱ ነው። በጋራ የተጠቀሙበት መርፌ ኤች አይ ቪን፣ ሄፓታይተስ ቢንና ሲን ያስተላልፋል። ንጽሕና የጎደለው መርፌ ደግሞ የተወጋውን ቦታ ያመግላል፤ ጀርሙ በደም ሄዶ ልብን ሊመርዝ ይችላል። ንጹሕ መርፌ ማደል የጀመረውን ሰው ይጠብቃል፤ ይህ ሥራ የሚያስበው ግን ገና ላልጀመረው ነው።

ጎጃም ውስጥ ሱስ ሲባል ቀድሞ የሚነሳው አረቄና ጫት ነው፤ ሁለቱም በመርፌ አይወሰዱም። ይሁንና መርፌ እዚህ የተከበረ ነገር ነው። «ኪኒኑ አያሽለኝም፣ መርፌ ውጉኝ» የሚል ታካሚ ብርቅ አይደለም፤ ስለዚህ ወጣቱ መርፌን ከመዳን ጋር አያይዞ ያድጋል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቻችን ለሕፃን ሳንባ ምች የሚሟሟ አሞክሲሲሊን ሲሰጡ «ኪኒንም ያድናል» ብለው ለእናቲቱ ማስረዳታቸው ትልቅ መከላከል ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋው ይህ መረብ እስከ ቀበሌ ይደርሳል፤ ለዚህ ሥራ የሚስተካከለው የለም።

በዘርፉ በሰፊው የሚጠቀሰው በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የተሞከረው «ብሬክ ዘ ሳይክል» (ዑደቱን መስበር) ነው። መነሻው ቀላል እውነት ነው፦ ብዙ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጋው በራሱ እጅ ሳይሆን በሚያውቀው ሰው እጅ ነው። ስለዚህ ውይይቱ የሚደረገው አስቀድሞ ከሚወጋው ሰው ጋር ነው። አማካሪው በመጀመሪያ ሰውየው ራሱ እንዴት እንደጀመረ እንዲያስታውስ ይጠይቀዋል። ቀጥሎ ሌላውን ማስጀመር ምን እንደሚያስከትል ያነጋግረዋል። በመጨረሻም ጀማሪ «ውጋኝ» ብሎ ሲለምን የሚመለስለትን ቃል አብረው ይለማመዳሉ። ሁለት ልማዶች አጥብቀው ይነሳሉ፦ በማይወጋ ሰው ፊት አለመወጋት፣ ስለ ስሜቱም ለማያውቀው እያጋነኑ አለማውራት። አማካሪው ከገሠጸ ሰውየው ይዘጋል፣ ውይይቱም ይከሽፋል። የእንግሊዙ ጥናት ከውይይቱ በኋላ በሌሎች ፊት የሚወጉ ሰዎች መቀነሳቸውን አሳይቷል፤ የሚያነጻጽረው ቡድን ስላልነበረው ግን ሙሉ ማስረጃ ነው ማለት ያስቸግራል።

እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2014 ለሄሮይን ማጨሻ የሚሆን ፎይል (ስስ የአልሙኒየም ወረቀት) እንዲታደል ፈቅዳለች፤ ሐሳቡ የሚያጨሰው ወደ መርፌ እንዳይሻገር ነው። ሄሮይንን በሚዋጥ መድኃኒት በሚተካው በሜታዶን ሕክምና ረገድ ከምሥራቅ አፍሪካ የዳሬሰላሙ ሙሂምቢሊ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2011 ጀምሯል።

በጎጃም ሆስፒታሎች፣ በፈለገ ሕይወትም ሆነ በደብረ ማርቆስ፣ ትኩረት የሚሻው ሱስ የሚያስይዙት የሕመም ማስታገሻዎች፣ የፔቲዲንና የሞርፊን አምፑል ነው። ካዝናው በቁልፍ ይዘጋ፤ እያንዳንዱ አምፑል በመዝገብ ይስፈር፤ ባዶው አምፑል ተመልሶ ይቆጠር፤ የተረፈው መድኃኒት በሁለት ሰው ፊት ይወገድ። ስርቆት የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከዚህ ትራፊ ነው፤ መጀመሪያ የሚጋለጠውም በሕመምና በድካም ላይ ሌሊት የሚያድረው ባለሙያ ራሱ ነው። እርሱን ከማሳደድ ቀድሞ መርዳት ይገባል። ያገለገለው ሲሪንጅ ወዲያው ሴፍቲ ቦክስ (ያገለገለ መርፌ መጣያ ሣጥን) ይግባ፤ ሣጥኑም ሦስት አራተኛ ሲሞላ ይታሸግ፤ ከዚያ በላይ ከሞላ መርፌው ወጥቶ እጅ ይወጋል።

የሌላ ሰው መርፌ የተጠቀመ ሰው በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ከደረሰ ኤች አይ ቪን የሚከላከል መድኃኒት ለ28 ቀን ሊወስድ ይችላል፤ በቶሎ በጀመረ ቁጥር ይሻላል።