በፍራፍሬ ዝንብ የጂን ጥናት አንድ ቱቦ ውስጥ ስንት ዝንብ ይግባ? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንድ ጂን ምን ያህል እንደሚሠራ ለመለካት ዝንቦች በቱቦ ውስጥ ይፈጩና አር ኤን ኤ (ከጂኑ የሚቀዳው መልእክት) ይወጣል።

«60 ዝንብ ስለፈጨሁ የናሙናዬ ብዛት 60 ነው።»
አይደለም። 20 20 ዝንብ የያዙ ሦስት ቱቦዎች ከሆኑ ብዛቱ 3 ነው። በዝንብና በዝንብ መካከል የነበረው ልዩነት ሲፈጩ ጠፍቷል፤ ለስሌት የሚቀርበው የቱቦው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ከዚህ የሚብሰው ስልሳውንም አንድ ላይ ፈጭቶ አር ኤን ኤውን ለሦስት መክፈል ነው። ያ የፒፔት (የፈሳሽ መምጠጫ) እና የማሽን ስህተትን እንጂ የዝንቦቹን ልዩነት አይለካም። ሦስቱም ቱቦ ከአንድ ማሳደጊያ ጠርሙስ ከተሞላ ደግሞ ምግቡም መጨናነቁም ተሕዋስያኑም የጋራ ስለሆኑ ድግግሞሹ የይስሙላ ነው። ለየብቻ ካደጉ ጠርሙሶች ይሰብሰቡ።

«ዝንብ በበዛ ቁጥር ውጤቱ ይጠራል።»
እስከ ተወሰነ ድረስ ብቻ። በዝንቦች መካከል ያለው ቫሪያንስ (የልዩነት መጠን) 0.4፣ የመለኪያው 0.1 ነው እንበል። የዝንቦቹ ልዩነት በቱቦው ውስጥ ባሉት ዝንቦች ብዛት ይካፈላል። 30 ዝንብ 10 10 ሆነው በ3 ቱቦ ቢገቡ የአማካዩ ቫሪያንስ (0.04+0.1)÷3፣ ማለትም 0.047 ገደማ ነው። እነዚያኑ ዝንቦች 5 5 አድርገን በ6 ቱቦ ብንከፍላቸው (0.08+0.1)÷6፣ ማለትም 0.03 ይሆናል። አንዱ ቱቦ ውስጥ 50 ቢጨመርም ያቺ 0.1 አትነቃነቅም። ስለዚህ አቅም ካለ ቱቦ ይጨመር።

«ያልተለመደ ዝንብ ቢኖር ቅልቅሉ ይውጠዋል።»
ከአምስት ዝንቦች አንዷ ታማ ዲፕቴሪሲን የተባለው የመከላከያ ጂን በእሷ ውስጥ 100 እጥፍ ቢጨምር፣ ቱቦው (100+4)÷5፣ ማለትም 20.8 እጥፍ ያሳያል። ጥፋተኛዋንም ለይቶ ማውጣት አይቻልም። ወንዶች ብቻ ናቸው በተባለ ቱቦ ውስጥ አንዲት ሴት ብትገባም እንዲሁ ነው፤ ለእንቁላሏ የሚሠሩት የአስኳል ፕሮቲን ጂኖቿ በግልጽ ይታያሉ። ከመፍጨት በፊት ጾታን በማይክሮስኮፕ ሁለት ጊዜ ማየት ያዋጣል።

«ለሁሉም የአካል ክፍል አንድ ቁጥር ይበቃል።»
አንድ ሙሉ ዝንብ ብቻዋን ማይክሮግራም የሚደርስ አር ኤን ኤ ስለምትሰጥ ለኪው ፒ ሲ አር (የጂን መጠን መለኪያ ዘዴ) ትበቃለች፤ 5 እስከ 10 ከተቀላቀለ ምቹ ነው። ለጭንቅላት ግን 20 እስከ 30 መያዝ ይሻላል። በፈሳሽ ናይትሮጅን የቀዘቀዙትን ዝንቦች ቱቦው ውስጥ አንቀጥቅጦ በሁለት ወንፊት ማሳለፍ ነው፦ አካሉ 710 ማይክሮሜትሩ ላይ፣ ጭንቅላቱ 425ቱ ላይ ይቀራል፣ እግርና ክንፍ ወደ ታች ይወርዳል። ወንፊቶቹ አስቀድመው ካልቀዘቀዙ ጭንቅላቶቹ ይቀልጡና አር ኤን ኤው ይበላሻል።

«ለመሰብሰብ ጊዜ ቢወስድም ችግር የለም።»
ፔርና ቲም የተባሉት፣ የሰውነትን የቀንና የሌሊት ዑደት የሚመሩ የሰዓት ጂኖች በቀኑ ውስጥ ከፍ ዝቅ ይላሉ። የመጀመሪያው ቱቦ ጠዋት፣ የመጨረሻው ከሰዓት ከተሞላ የሰዓቱ ልዩነት የሙከራው ውጤት መስሎ ይታያል። የንጽጽር ቡድኖቹን እያፈራረቁ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ወዲያው ማቀዝቀዝ ነው።