ቴርማል ትሮትሊንግ ምንድን ነው? ድሬ ላይ ወርክስቴሽን ላፕቶፕ ከመግዛታችሁ በፊት

አዲስ ላፕቶፕ ላይ ሬንደር (ከሰራችሁት ዲዛይን የመጨረሻውን ምስል ወይም ቪዲዮ ማውጣት) ስታስጀምሩ መጀመሪያ ነገሩ ሁሉ ይሮጣል። «40 ደቂቃ ቀርቷል» ይላችኋል። ሻይ ጠጥታችሁ ስትመለሱ ግን የቀረው ጊዜ በመቀነስ ፈንታ ጨምሯል። ፋኑ ይጮሃል። ከኪቦርዱ በላይ ያለው ቦታ እጅ አያስነካም። ላፕቶፑ አልተበላሸም፣ ቫይረስም አልገባበትም። ከመቃጠል ለመዳን ፍጥነቱን ራሱ ቀንሶ ነው። ቴርማል ትሮትሊንግ የሚባለው ይኸው ነው።

ፕሮሰሰር የሚበላው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል በሙሉ ሙቀት ይሆናል። 45 ዋት ከገባ 45 ዋት ሙቀት መውጣት አለበት። ሙቀቱን የመዳብ ቧንቧ ይቀበልና ወደ ስስ የብረት ክንፎች ይወስደዋል። ፋኑ በክንፎቹ መሃል አየር እየነፋ ወደ ውጭ ያስወጣዋል። የሚመነጨው ከሚወጣው ሲበልጥ ሙቀቱ ይጠራቀማል። ፕሮሰሰሩ በውስጡ የሙቀት መለኪያ አለው፣ የተወሰነለት ጣሪያም አለው። በብዙ የኢንቴል የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ጣሪያው 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የኤኤምዲዎቹም ከዚያ ብዙ አይርቅም። እዚያ ሲደርስ ፍጥነቱንና ቮልቴጁን ያወርዳል። ያም ሆኖ ሙቀቱ አልቆም ካለ ማሽኑ ድርግም ብሎ ይጠፋል።

ጭነት የሞላ ኢሱዙ የደንገጎን ዳገት ሲወጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ። ሞተሩ ጉልበት አላጣም፤ ራዲያተሩ ነው ያልቻለው። ሾፌሩ ማርሽ ቀንሶ ቀስ ይላል እንጂ ሞተር አያቃጥልም።

ችግሩ ሻጭ የሚነግራችሁ ቁጥር ሁልጊዜ የሜዳው ፍጥነት መሆኑ ነው። ኮር አይ 7 13700ኤች የሚባለውን ፕሮሰሰር እንውሰድ። 14 ኮር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ስራ የሚከፋፈሉ ክፍሎች)፣ እስከ 5 ጊጋኸርዝ ተብሎ ይሸጣል። እውነት ነው፣ ይደርሳል። ግን 5 ጊጋኸርዙ ለአጭር ጊዜ፣ ያውም አንድ ሁለት ኮር ብቻ ሲሰራ ነው። ዋናዎቹ ኮሮች መነሻቸው 2.4 ጊጋኸርዝ ነው። ኢንቴል የሰጠው መነሻ ኃይል 45 ዋት ሲሆን ሲጣደፍ እስከ 115 ዋት ይወጣል። በ2.4 እና በ5 መሃል፣ በ45 እና በ115 መሃል የት ላይ እንደሚረጋ የሚወስነው የላፕቶፑ ማቀዝቀዣ ነው። አንድ ዓይነት ፕሮሰሰር ያላቸው ሁለት ላፕቶፖች አንዱ ሬንደሩን ቀድሞ ሲጨርስ ሌላው መንገድ ላይ የሚቀረው ለዚህ ነው። ለከባድ ስራ ገንዘብ የምትከፍሉት ለአስረኛው ደቂቃ ነው። የመጀመሪያውን ደቂቃማ ሁሉም ይችለዋል።

አሁን ወደ ድሬ እንምጣ። ላፕቶፕ የሚቀዘቅዘው በክፍሉ አየር ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ፋኑ አየር ያንቀሳቅሳል እንጂ አያበርድም። ስለዚህ ስራው ያው ሆኖ የክፍሉ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የፕሮሰሰሩም በዚያው ገደማ ይጨምራል።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ጣሪያው 100 ዲግሪ ይሁን። ክፍሉ 25 ዲግሪ ከሆነ ሙቀቱን ለማስወጣት 75 ዲግሪ ልዩነት አላችሁ። ከዚራ ሰፈር ያለ ቆርቆሮ ጣሪያ ስር የሚሰራ ቢሮ ሰኔ ላይ ከቀኑ 8 ሰዓት 38 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 62 ብቻ ይሆናል። እዚያ 25 ዲግሪው ላይ 45 ዋት ማስወጣት የሚችል ማቀዝቀዣ እዚህ የሚችለው 37 ዋት ገደማ ነው። ያው ላፕቶፕ፣ ያው ፋን፣ ያው ሶፍትዌር። ዩቲዩብ ላይ የምታዩት ሪቪው ብዙ ጊዜ ኤሲ ባለው ስቱዲዮ የተሰራ ነው፤ ቁጥሩን እንዳለ ወደ ድሬ ማምጣት አይቻልም።

አቦ አታካብድ የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው። ዋቱ በወረደበት መጠን ፍጥነቱ አይወርድም። ፕሮሰሰር የመጨረሻዎቹን ፍጥነቶች የሚያገኘው ብዙ ኤሌክትሪክ በልቶ ስለሆነ ዋቱ 17 ከመቶ ሲቀንስ ፍጥነቱ ከዚያ ባነሰ ነው የሚቀንሰው። የድሬ ሙቀት ብቻውን ጥሩ ላፕቶፕን አይገድልም። የሚገድለው ሙቀቱ፣ ስስ ላፕቶፕና አቧራ አንድ ላይ ሲገናኙ ነው።

አምራቾቹም ልካቸውን ያውቃሉ። የብዙ ላፕቶፖች መመሪያ መስሪያ ሙቀቱ እስከ 35 ዲግሪ ነው ይላል። የማክቡክም ከ10 እስከ 35 ነው። ያንን ገጽ የሚያነብ የለም እንጂ ድሬ ላይ በግንቦትና በሰኔ ከሰዓት በኋላ 35ን ማለፍ ብርቅ አይደለም። ሐረር ያላችሁ በዚህ በኩል ተመችቷችኋል። ድሬ ከባህር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ነው፣ ሐረር 1,885 ሜትር። ከፍታው አየሩን ትንሽ ያሳሳዋል፤ ስስ አየር ደግሞ ሙቀት ይዞ መውጣቱ ላይ ይደክማል። ግን የሐረር ቅዝቃዜ ያንን ከነትርፉ ይመልሰዋል።

ወርክስቴሽን ላፕቶፕ የሚባሉት የሌኖቮ ቲንክፓድ ፒ፣ የኤችፒ ዜድቡክ እና የዴል ፕሪሲዥን ናቸው (ዴል እ.ኤ.አ. በ2025 ስሙን ፕሮ ማክስ ብሎ ቀይሮታል)። ከተራው ላፕቶፕ የሚለዩት እንደ አውቶዴስክና ሶሊድወርክስ ያሉ የሶፍትዌር ኩባንያዎች ከፕሮግራሞቻቸው ጋር ስለፈተሿቸውና ለሙያ የተሰራ ጂፒዩ (ምስል የሚሰራው ቺፕ) ስለሚገባባቸው ነው። ትልልቆቹ ብዙ ራም ይቀበላሉ። ስህተት የሚያርም ራም የሚወስዱም አሉ።

ስሙ ግን ከሙቀት አያድንም። ዜድቡክ ፋየርፍላይ ስስና ቀላል ነው፣ ዜድቡክ ፊዩሪ ወፍራምና ከባድ። ሁለቱም ዜድቡክ ናቸው። ቲንክፓድ ፒ14ኤስ እና ፒ16ም እንደዚያው። ድሬ ያለው ታይዋን ገበያ ገብታችሁ «ወርክስቴሽን አለ?» ብትሉ ፋየርፍላዩን ሊያወጡላችሁ ይችላሉ፤ አልዋሹም። ብቻ ለሰዓታት ሬንደር የተሰራ አይደለም።

ጂፒዩ ላይ ነገሩ ይብሳል። አርቲኤክስ 4070 የላፕቶፕ ጂፒዩን ኤንቪዲያ ከ35 እስከ 115 ዋት ባለው ክልል ውስጥ እንዲገጠም ፈቅዷል። የቱ ጋ እንደሚሆን የሚመርጠው የላፕቶፑ አምራች ነው። ሁለት ላፕቶፖች ላይ የተለጠፈው ስቲከር አንድ ሆኖ አንዱ የሌላውን ከሁለት እጥፍ በላይ ኃይል ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ «4070 ነው?» ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ። «ስንት ዋት ነው?» በሉ። ሻጩ ካላወቀ የሞዴሉን ሙሉ ቁጥር ወስዳችሁ አምራቹ ድረገጽ ላይ እዩ። ቲጂፒ ወይም ማክሲመም ግራፊክስ ፓወር በሚል ይጻፋል።

የኔ ምርጫ ለድሬ ግልጽ ነው። በወፍራም ገላ ውስጥ ያለ መካከለኛ ፕሮሰሰር በስስ ገላ ውስጥ ካለ ኮር አይ 9 ይሻላል። ሁለት ፋን፣ ከኋላም ከጎንም ሰፊ የአየር መውጫ ያለው ይሁን። ክብደቱ ወደ ሦስት ኪሎ ቢጠጋም ቻሉት፤ ከቢሮ ቤት በባጃጅ ነው የሚሄደው። ስራችሁ ሉሚዮን (የህንጻ ሬንደር) ወይም ፕሪሚየር (የቪዲዮ ኤዲቲንግ) ከሆነ ደግሞ በጥሩ ማቀዝቀዣ የተሰራ የጌም ላፕቶፕ ባነሰ ብር ያንኑ ስራ ይሰራላችኋል። የሶፍትዌር ኩባንያው ማረጋገጫ በእርግጥ የሚያስፈልገው ሶሊድወርክስና መሰሎቹ ላይ ለሚሰራ ሰው ነው። ፋን የሌለውን ማክቡክ ኤር ለረጅም ኤክስፖርት መግዛት ግን አይመከርም። ማሽኑ ግሩም ነው፣ ግን ሙቀቱን በገላው ብቻ ነው የሚያስወጣው።

ይህ ሁሉ የማይመለከታቸው ሰዎችም አሉ። አውቶካድ ላይ ፕላን የሚስል መሐንዲስ ማሽኑን የሚያስጨንቀው ለቅጽበት ነው። መስመር ይስላል፣ ያስባል፣ ዙም ያደርጋል። አብዛኛው ስራ አንድ ኮር ላይ ነው የሚያርፈው። ፕሮሰሰሩ በየመሃሉ ይተነፍሳል። እንዲህ ላለው ሰው ስስ ላፕቶፕ ይበቃዋል፣ የተረፈውን ብር ጥሩ ሞኒተር ይግዛበት። መጠንቀቅ ያለበት ማሽኑን ሳያቋርጥ ደቂቃዎችንና ሰዓታትን የሚያስጨንቅ ነው፦ በቪሬይ ሬንደር የሚያደርግ አርኪቴክት፣ የሰርግ ቪዲዮ በፎርኬ ኤክስፖርት የሚያደርግ፣ የድሮን ፎቶ ወደ ካርታ የሚቀይር።

ከመግዛታችሁ በፊት መፈተሽ ይቻላል፣ በተለይ ዩዝድ ከሆነ። ኤችደብሊው ኢንፎ እና ሲኒቤንች የሚባሉ ነጻ ፕሮግራሞችን በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ሲኒቤንች ላይ 30 ደቂቃ የሚያስሮጥ ምርጫ አለ። እሱን አስነሱና ኤችደብሊው ኢንፎ ላይ ሦስት ነገር ተከታተሉ፦ የሲፒዩው (የፕሮሰሰሩ) ዲግሪ፣ ዋቱና የኮሮቹ ፍጥነት። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ያለውን ጻፉ፣ ሃያኛው ላይ ያለውን ጻፉ። ትንሽ መውረዱ ጤና ነው፣ ሁሉም ይወርዳል። ዋቱ በግማሽ ወርዶ ዲግሪው 100 ላይ ተለጥፎ ከቀረ ግን ማቀዝቀዣው ታፍኗል ወይም መጀመሪያውኑ አይችልም። ዲግሪው 75 ሆኖ ዋቱ ከወረደ ሌላ ነገር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አምራቹ ራሱ ኃይሉን ገድቦታል ማለት ነው፣ በማጽዳት አይስተካከልም። ብዙ ላፕቶፖች ላይ ሲፒዩውና ጂፒዩው የሙቀት ቧንቧ ይጋራሉ። ስለዚህ የራሳችሁን ፕሮጀክት ይዛችሁ ሁለቱን አንድ ላይ ብታስጨንቁ ይበልጥ እውነቱን ታያላችሁ። ሻጩ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ከከበደው ጠዋት ሳይሆን ከሰዓት ሱቁ ከመዘጋቱ በፊት ሂዱ፤ ሙቀቱም ፈተና ይሆንላችኋል።

አቧራውን ሳልነካ አላልፍም። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ በነፋስ ተነስቶ የት እንደሚገባ የድሬ ሰው አይነገረውም። ላፕቶፕ ውስጥ የሚያርፈው ፋኑ ላይ ብቻ አይደለም። የታችኛውን ክዳን ከፍታችሁ ፋኑን ስታነሱ በፋኑና በክንፎቹ መሃል ግራጫ ድርብርብ ታገኛላችሁ፤ በጣት ሲይዙት እንደ ጨርቅ ተያይዞ ይነሳል። ከውጭ በፍጹም አይታይም። ከውጭ በአየር ብትነፉት ብዙ ጊዜ ወደ ውስጥ ነው የሚጠቀጥቀው። ከፍቶ ማውጣት ነው መፍትሔው። በብሎወር ስታጸዱ የፋኑን ክንፍ በጣት ያዙ፣ ያለልክ ከተሽከረከረ ይበላሻል። አቧራው ወጥቶም ካልተሻለው ቴርማል ፔስቱ (ከፕሮሰሰሩ ወደ ማቀዝቀዣው ሙቀት የሚያሻግረው ቅባት) ደርቆ ሊሆን ይችላል፣ ይቀየር። መደብ ወይም ፍራሽ ላይ አስቀምጦ መስራትም ከአቧራ አይተናነስም። የአየር መግቢያው ከታች ነው፤ ምንጣፍ ሲገጥመው አፉ ይዘጋል።

ያላችሁ ላፕቶፕ አሁኑኑ እያስቸገራችሁ ከሆነ አንድ የማያስከፍል ነገር አለ። ዊንዶውስ የፓወር ማስተካከያ ውስጥ ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት የሚል አለ። ከ100 ወደ 99 ፐርሰንት አውርዱት። ቁጥሩ ቀልድ ይመስላል፣ ግን ብዙ የኢንቴል ላፕቶፖች ላይ ተርቦውን (ከመነሻው በላይ የሚያጣድፈውን) ያጠፋዋል። ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ሙቀቱ ግን በብዙ ይወርዳል፤ ማሽኑም ከመዋዠቅ ወጥቶ በአንድ ፍጥነት ይሰራል። ከኋላ በኩል ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጋችሁ ማስቀመጥም ይጠቅማል። ረጅሙን ሬንደር ደግሞ ማታ አስነስታችሁ ተኙ። ድሬ ላይ ከቀኑ 8 ሰዓት ሰውም ያርፋል።

በመጨረሻ ቻርጀሩን እዩ። ትልልቆቹ ወርክስቴሽኖች 170፣ 230 ወይም 240 ዋት ቻርጀር ይፈልጋሉ። ዩዝድ ሲሸጥ ዋናው ቻርጀር ጠፍቶ 65 ዋት ተክተውበት ልታገኙ ትችላላችሁ። ላፕቶፑ ይነሳል፣ ቻርጅም ያደርጋል፣ ሬንደር ሲጀመር ግን ይንቀራፈፋል። ከሙቀት ጋር አይገናኝም፤ ኃይል አጥቶ ነው። መብራት ሲጠፋም ያው ነው። በባትሪ ላይ ማሽኑ ራሱን ይቆጥባል። የላፕቶፕ ባትሪ ደግሞ አየር መንገዶች ያለ ልዩ ፈቃድ ከሚያሳልፉት 100 ዋት ሰዓት ብዙ ጊዜ አያልፍም፤ 100 ዋት የሚበላ ስራ በአንድ ሰዓት ይጨርሰዋል። መብራት በሄደ ቁጥር ኤክስፖርቱን ከባዶ ላለመጀመር ሬንደሩን በአንድ ቪዲዮ ፈንታ በተከታታይ ፎቶ አውጡት፣ ከቆመበት ይቀጥላል።