የመጫወቻ ካርታ በወሎ፦ ይከፈት ወይስ ይቀመጥ?

የመጫወቻ ካርታ በደሴ፣ በኮምቦልቻና በሌሎችም የወሎ ከተሞች ጊዜ ማሳለፊያ ነው። የተለመደው እሽግ 52 ካርታዎችና ብዙውን ጊዜ ሁለት ጆከር ይይዛል። ለመታሰቢያ የታተመ ወይም ዕድሜ የጠገበ እሽግ እጁ የገባ ሰው ግን መክፈትና ማስቀመጥ ያከራክረዋል።

ካርታ ከቻይና ተነሥቶ በእስላሙ ዓለም አልፎ አውሮፓ እንደገባ ይታመናል። በአውሮፓ ጽሑፎች በግልጽ መጠቀስ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1370ዎቹ ነው። በኢስታንቡል ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት የተገኘው ግብፅን ይገዙ የነበሩት የመምሉኮች ካርታ አራት ምልክቶች አሉት፤ ጽዋ፣ ሳንቲም፣ ሰይፍና በፈረስ ላይ ሆነው ኳስ የሚመቱበት የፖሎ ዱላ። የገና ጨዋታ ለሚጫወት ሕዝብ ይህ ዱላ እንግዳ አይደለም። ጣሊያኖች ምልክቶቹን እስከ ዛሬ ይዘዋቸዋል፤ የፖሎው ዱላ ብቻ ተራ በትር ሆኗል። ካርታ ወደ ወሎ የመጣው በ1928 ዓ.ም. ከገባው የጣሊያን ጦር ጋር ሊሆን ይችላል፤ ከጅቡቲና ከአሰብ የሚመላለስ ነጋዴ ቀድሞ አምጥቶትም ሊሆን ይችላል።

ይቀመጥ ለሚሉት ትልቁ ማስረጃ ኒው ዮርክ በሚገኘው የሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይዞታ ውስጥ ያለው እሽግ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ በደቡብ ኔዘርላንድስ የተሣለ ሲሆን፣ ምልክቶቹ የአደን ቀንደ መለከት፣ የውሻ አንገት ማሰሪያ፣ የውሻ መጎተቻ ገመድና የአውሬ ወጥመድ ናቸው። 52ቱም ሳይጎድሉ የተረፉት ብዙም ስላልተጫወቱባቸው ይመስላል። የተጫወቱባቸው የዘመኑ ካርታዎች በአብዛኛው አልቀው ጠፍተዋል።

የሚከፈት ይሁን የሚለው ወገን በወሎ ጠንካራ መሠረት አለው። እንግዳ በመቀበል የታወቀ አገር ሰው አቦል ቀርቦ፣ ቶና እየተጠበቀ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ የታሸገ ካርታ እያለው ዝም ቢል ንፉግ ያሰኘዋል፤ ትክክልም ነው። ቆልፎ ማኖርም ዋስትና አይሆንም፤ የደሴ ሙዚየም ራሱ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ተዘርፏል።

የአየሩን ጠባይም ማሰብ ያስፈልጋል። ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደሴ የክረምቱ ጉምና ዝናብ ወረቀት ያረጥባል፤ ካርታው ይቆለመማል፣ ጠርዙም ይነሣል። ቆላ ቀመስ የሆነችው ኮምቦልቻ ትሻላለች፤ ፀሐይዋ ግን ቀለም ያደበዝዛል። ስለዚህ የሚቀመጠው እሽግ ከመስኮትና ከዕጣን ጢስ ርቆ በደረቅ ሣጥን ይቀመጥ። በላስቲክ ማሰር ከሁሉ የከፋ ነው፤ ላስቲኩ ሲያረጅ ይቀልጥና ካርታው ላይ ይጣበቃል። ለጨዋታ የፕላስቲክ ካርታ ይመረጣል፤ ቡና ቢፈስበት በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል።

የወረቀት ካርታ አንዱ ከተቀደደ ከሌላ እሽግ መተካት አያዋጣም። ጀርባው ስለሚለይ ተጫዋቹ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሰብሳቢም ጎዶሎ እሽግ በሙሉ ዋጋ አይገዛም።