የዝላይ አቀማመጥ ምንድን ነው?

ከእንጦጦ ጀርባ፣ በጎጃም መንገድ ግራና ቀኝ በተዘረጋው የሱሉልታ ሜዳ ፈረስ መጋለብ ከልጅነት ጀምሮ የሚለመድ ነው፤ መሰናክል ማዘለል ግን ሌላ ትምህርት ይጠይቃል። በግልቢያ የሚደነቅ ሰው ከአንድ ዝቅተኛ አግዳሚ እንጨት ፊት ሲደርስ ወደ ኋላ ተለጥጦ ዛቡን ሲስብ ቢታይ ሊያስገርም አይገባም። የለመደው ኮርቻ ፊቱም ኋላውም ከፍ ያለ፣ ወገብን ደግፎ የሚይዝ ነው፤ በጉግስ ጨዋታ ከሚወረወር ዘንግ ለሚያመልጥና በድንገት ለሚዞር ሰው ደግሞ ኮርቻው ውስጥ ጠልቆ መቀመጥ ይበጀዋል። ለዝላይ ሲሆን ይኸው ልማድ እንቅፋት ይሆናል።

የዝላይ አቀማመጥ የሚባለው ጋላቢው መቀመጫውን ከኮርቻው በጥቂቱ አንሥቶ፣ ክብደቱን በጭኑና በባቱ በኩል ወደ ተረከዙ አውርዶ፣ ከዳሌው በመታጠፍ ደረቱን ወደ ፈረሱ አንገት የሚያቀርብበት አኳኋን ነው። ሰውነቱን የሚደግፉት ሁለቱ እግሮቹ ብቻ ስለሚሆኑ «ሁለት ነጥብ» እየተባለም ይጠራል።

የአውሮፓ ፈረሰኞችም እስከ 19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ድረስ በዝላይ ላይ ወደ ኋላ ይለጠጡ ነበር። ይህን ወደ ፊት በመታጠፍ የለወጠው ጣሊያናዊው የፈረሰኛ ጦር መኮንን ፌዴሪኮ ካፕሪሊ (1868–1907 እ.ኤ.አ.) ነው። ፈረስ ሲዘል አንገቱን ይዘረጋል፣ ጀርባውንም ያጎብጣል፤ ከላይ ክብደት ከተጫነውና ልጓሙ አፉን ከሳበው ግን ይህን ማድረግ ይቸግረዋል። ፈረሱ በኋላ እግሮቹ እንጨቱን ሲመታ ጥፋቱ በእንስሳው ላይ ይላከካል እንጂ ብዙ ጊዜ የጋላቢው ነው።

አቀማመጥን የማሻሻሉ ሥራ ከትከሻ ሳይሆን ከታች፣ ከባትና ከተረከዝ ይጀምራል። የእርካቡ ጠፍር ከተለመደው ሁለት ቀዳዳ ያህል ይጠርና ጋላቢው ቆሞ ባለ ፈረስ ላይ ምንም ሳይዝ መቀመጫውን ያንሣ፦ በፈረሱ አንገት ላይ ከተደፋ እግሩ ወደ ኋላ ሸሽቷል፤ ኮርቻው ላይ ዘፍ ካለ ደግሞ እግሩ ወደ ፊት ቀድሟል። በጉልበት ብቻ ቆንጥጦ መያዝም ስሕተት ነው፤ ጉልበቱ እንደ ማጠፊያ ሆኖ የታችኛው እግር ይወዛወዛል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ፈረሱ ሳይነሣ ጋላቢው ራሱ ቀድሞ መዝለሉ ነው፤ የሚዘለው ፈረሱ ነው፣ የጋላቢው ድርሻ ከእርሱ በታች የሚነሣውን ጀርባ ጠብቆ መታጠፍ ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት እጆቹ የፈረሱን አንገት መዘርጋት ተከትለው ወደ ፊት ይሄዳሉ፤ ጀማሪ ሚዛኑን በዛብ ከሚጠብቅ ጋማ ቢይዝ ይሻለዋል፣ ይህም የሚያሳፍር አይደለም። ዓይን እንጨቱን አልፎ ሩቅ ይመለከታል።

ለልምምድ በመሬት ላይ የተደረደሩ እንጨቶችን በሶምሶማ መሻገር ከከፍተኛ መሰናክል ይልቅ ያስተምራል። ለትልልቅ ፈረሶች በእንጨቶቹ መካከል 1.3 ሜትር ያህል ይተዋል፤ ለአገራችን አጫጭር ፈረሶች ግን ርቀቱ እንደ እርምጃቸው መጥበብ አለበት። የሱሉልታ ከፍታ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ ከቆላ የመጣ ሰው ትንፋሹም ጭኑም ቶሎ ይደክማሉ፤ የደከመ ጭን ኮርቻ ላይ መውደቅ ሲጀምር ልምምዱን ማቆም ለፈረሱ ጀርባ ይበጃል።